ልብሱ ይስፋ

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ጫማ እግራችንን ሲይዘን «ጫማው ጠበበኝ» እንላለን። ቀሚስ ትከሻችን ላይ ደርሶ እምቢ ሲል «ቀሚሱ ጠበበኝ» እንላለን። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሰዋስዉ ራሱ ይናገራል፤ የጠበበው ልብሱ ነው፣ የተቸገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ከኡራኤል ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ካሉት ቡቲኮች ወደ አንዱ ገብታችሁ ቀሚስ ብትሞክሩ፣ መጋረጃውን ገልጣ የምታያችሁ ልጅ «ጠበበሽ እንዴ?» አትልም። «ትንሽ ወፈር ብለሻል መሰለኝ» ነው የምትለው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጥፋቱ ከጨርቁ ላይ ይነሳና ገላችሁ ላይ ያርፋል።

ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ወደ ጨርቁ ለመመለስ ነው።

እኔ ኡራኤል አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ለመድረክ ነው፤ ለቴአትር፣ ለባህል ጭፈራ፣ አንዳንዴም ለሙዚቃ ክሊፕ። ሰው ገላውን ከሐኪም ቀጥሎ የሚያስነካው ለልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ወገባቸው ላይ ሳዞር «ቆይ አንዴ» ብለው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ የሚስቡ፣ ትንፋሻቸውን የሚውጡ ሴቶች ብዛታቸው አይቆጠርም። ቀጭኖቹም ጭምር። እኔ ሁልጊዜ «ተንፍሺ» እላለሁ። መድረክ ላይ ትተነፍሻለሽ፣ ትጮኺያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ትወድቂያለሽ። ሳትተነፍሺ የተለካ ልብስ ሁለተኛው ገቢር ላይ ይተረተራል።

የማውቀው አሠራር እንዲህ ነው። አንድ የጭፈራ ቡድን ሊቋቋም ሲል ጨርቁ በጅምላ ይገዛል። ተወዛዋዦቹ ገና አልተመረጡም። «ሃያ ቀሚስ ስፊ፤ አሥሩን ስሞል፣ አሥሩን ሚዲየም» ይባላል። ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ይጠራሉ። እንግዲህ ማን መረጠ? አዘጋጁ የመረጠ ይመስለዋል፤ የመረጠው ቀሚሱ ነው። ቀሚሱ ያልገባላት ልጅ ትከሻዋ እንደ ወንፊት ቢንቀጠቀጥ ዋጋ የለውም። ወይ ኋላ መስመር ላይ ትቆማለች፣ ወይ «ለሚቀጥለው ፕሮግራም እንጠራሻለን» ትባላለች። ቴአትርም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ከዓመታት በፊት ለሌላ ተዋናይ የተሰፋ ካባ ከመጋዘን ወጥቶ የዛሬዋን ተዋናይ ይፈትናል። ፈተናውን የወደቀችው እሷ ናት ይባላል።

አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ፣ ለአንድ ታሪካዊ ተውኔት ንግሥት ትፈለግ ነበር። ንባቡ ላይ ነበርኩ። አንዲት ልጅ አነበበች፤ አዳራሹ ውስጥ ሻይ የሚያማስል እንኳ ማንኪያውን አቆመ። ሲጨርሱ አዘጋጁ ወደ እኔ ዞሮ «ድምጿ ግሩም ነው፤ ግን ንግሥት አትመስልም» አለኝ። «ምኗ?» ስለው በእጁ አየር ላይ ክብ ሠራ። ሚናው ለሌላ ተሰጠ። ለእሷም የወጥ ቤት ኃላፊዋን ሚና ሰጧት፤ «ሕዝቡን ታስቅልናለች» ተብሎ።

ንግሥት አትመስልም! እስቲ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ፎቶግራፍ አውጥታችሁ እዩ። ሰፊ ፊት፣ ሙሉ ትከሻ፣ ሙሉ ሰውነት፤ ካባው ላያቸው ላይ ሲያርፍ ተራራ ላይ ያረፈ ይመስላል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት በዚያው ገላቸው ነው። መቀሌ ላይ የጠላትን ምሽግ ከውኃው እንዲነጠል ያደረጉት፣ ለዚህች ከተማ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡት በዚያው ገላቸው ነው። እቴጌ መነንም ሙሉ ሰውነት የነበራቸው ሴት ናቸው። ከሁለቱ አንዳቸው ዛሬ ለራሳቸው ሚና ለውድድር ቢቀርቡ «ንግሥት አይመስሉም» ተብለው ሊመለሱ ነው ማለት ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 የምናያቸውን ማስታወቂያዎች ልብ በሉ። ካባው አለ፣ ዘውዱ አለ፣ ጎራዴው አለ፤ ከውስጡ ያለችው ግን ወገቧ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ሞዴል ናት። እቴጌይቱን አክስተን ነው የምናከብራቸው።

የሚገርመው ደግሞ የአገራችን ልብስ እንዲህ ያለውን ነገር አያውቅም ነበር። ሸማኔው ጠባብ ሸማ ይሠራል፤ ሰፊ ሲፈለግ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጋጠማል። መለኪያው ክንድ ነው፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ማለትም ከሰው ገላ የተወሰደ መለኪያ። ቀሚሱ ሰፊ ሆኖ ይሰፋል፤ ወገብን የሚያበጀው መቀነቱ ነው። ሴትየዋ ስታረግዝ መቀነቱን ታላላለች፣ ስትወልድ ታጠብቃለች፣ ስታረጅ እንደገና ታላላለች፤ ቀሚሱ ያው ነው። ነጠላውንማ ተዉት። በወር በ22 ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማችሁ እዩ። መቶ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የማትሞላዋ አሮጊት፣ በሩን የሚሞላው ሰውዬ፣ ጡት የምታጠባዋ እናት፣ ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል። ነጠላ ውስጥ «ኤም» የሚል ቁራጭ ተሰፍቶ አይቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ሴትን «ቀጭን ፈታይ» ብለው ሲያሞግሱም ቀጭን የተባለው ፈትሉ ነው፤ ሴትየዋ አይደለችም።

ይህን ስል ግን «ድሮ ቀረ» እያልኩ አይደለም። የድሮው ዓይን ንጹሕ አልነበረም። ውፍረት የጌትነት ምልክት ነበር፤ የሚበላው ያለው ይወፍራል፣ የሌለው ይከሳል። እናቶቻችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሲሉ ምርቃት ነበር፤ ቀጭኗ ልጅ ግን «ምን ነካሽ? ምች መታሽ?» እየተባለች ነው ያደገችው። ኤች.አይ.ቪ. በከፋባቸው ዓመታት ደግሞ የከሳ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይቀበር ነበር። ገላን እያዩ መፍረድ የቆየ በሽታችን ነው። አሁን የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ትናንት የከሳችው ትሸማቀቅ ነበር፤ ዛሬ የወፈረችው። ቀጭኗን «ወፍሪ» ወፍራሟን «ክሺ» ከማለት ልብሱን ማስተካከል እንዴት እንደሚቀል የገባን አይመስለኝም።

ለመሆኑ ይህ «ሚዲየም» የሚባለው ሰው ማነው? የት ነው የተወለደው? የሚታወቅ ታሪክ አለው። በ1939 እና በ1941 እ.ኤ.አ. መካከል የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለኩ፤ የእያንዳንዷን ገላ በ59 ቦታ። ዓላማው ለፋብሪካ ልብስ ወጥ መጠን ማውጣት ነበር። በጥናቱ ውስጥ ግን የተቆጠረው የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ነው። በ1958 የወጣው የአሜሪካ የሴቶች ልብስ መጠን ደረጃ በዚህ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ተሽሯል፤ ፋብሪካው ሁሉ እንደየፍላጎቱ ያጠብበዋል፣ ያሰፋዋል፤ የአንዱ «ላርጅ» የሌላው «ሚዲየም» ነው። የመርካቶው ልብስ አንገት ላይ ያለው ፊደል በዚህ ሁሉ መንገድ ዞሮ ነው የደረሰን። እናም አንዲት የኡራኤል ልጅ፣ ሽንጧ፣ ዳሌዋ፣ ትከሻዋ ለማንም ሠንጠረዥ ተለክቶ የማያውቅ ልጅ፣ በዚያ ፊደል ትፈረዳለች። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ልጆቻችን ሺህ በሺህ ሆነው ልብስ ሊሰፉ ገቡ፤ የሰፉት ግን የሌላ አገር ሰው ልክ ነው።

«ልክ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ልክ መጠን ነው፤ «የጫማ ልክ» እንላለን። ልክ እውነትም ነው፤ «ልክ ነህ» እንላለን። ልክ ማስፈራሪያም ነው፤ «ልክሽን አሳይሻለሁ!» የፋብሪካው መጠን ወደ አገራችን ሲገባ ሦስቱንም ትርጉም ይዞ ገባ። መጠኑ እውነት ሆነ፤ ያልገባው ሰው ሁሉ ልክ ያልሆነ፣ ልኩን ሊያውቅ የሚገባው ሰው ሆነ።

በዚህ ላይ የዓለም ዓይን ተጨመረበት። ዓለም የኢትዮጵያዊን ገላ የሚያውቀው በጥቂት ሥዕሎች ነው። አንዱ በ1977ቱ ረሃብ በቴሌቪዥን ያየው ነው። ሌላው ሯጫችን ነው። ሦስተኛው ሞዴሏ ናት። አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ በ2003 እ.ኤ.አ. የኢስቴ ላውደር መዋቢያ ፊት ስትሆን ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ኮራንባት፤ ልንኮራም ይገባል። ለምለም ብላ የከፈተችው ድርጅት ለአገራችን ሸማኔዎች የሥራ በር መክፈቱም የሚያስመሰግናት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ግን ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ የተራበው፣ ሯጩ፣ ሞዴሏ። ሦስቱም ቀጭን ናቸው። ዓለም ቀጭኑን ገላ ብቻ መረጠና «የኢትዮጵያዊ ቁመና» ብሎ መልሶ ሸጠልን። እኛም ገዛን። አሁን ሙሉ ሰውነት ያላት ልጃችን አገሯ ውስጥ «ሐበሻ አትመስይም» ትባላለች። እናቷን፣ አክስቷን፣ የእድሯን ሴቶች ሁሉ ትመስላለች እኮ!

መድረኩ ለወንድና ለሴት አንድ ሕግ ቢኖረው እንኳ ትንሽ ይሻል ነበር። ወንድ ሲወፍር «ጌታ ሆነ» ይባላል። ቦርጫም ተዋናይ ንጉሥ፣ ነጋዴ፣ ዳኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይጫወታል፤ ቦርጩ የሥልጣኑ ማስረጃ ነው። ሴቷ ስትወፍር ሦስት ቦታ ይቀራታል፤ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ የሙሽራዋ አክስት። ፍቅር ይዟት እንቅልፍ የምታጣ፣ የምትሸፍት፣ አገር የምትከዳ፣ ባሏን የምትገድል ወፍራም ሴት መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም። ሳቅ ሲፈለግ ደግሞ ቀጭኑ ኮሜዲያን ቀሚስ ለብሶ፣ ከፊትና ከኋላ ትራስ አስሮ ብቅ ይላል። ትራሱን አስሬ የማውቀው እኔ ነኝ። ለወፍራም ሴት የሚሆን አንድ ሜትር ጨርቅ የሌለው መጋዘን፣ በወፍራም ሴት ለመሳቅ የሚሆን ትራስ አያጣም።

«እኛ ሐበሾች ቀልድ እንወዳለን፤ አታክብጂው» የሚለኝ ሰው አለ። ቀልድማ እኔም እወዳለሁ። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሠፈር በነበረበት ጊዜ አዝማሪው በገባው ሰው ሁሉ ገላ ይቀልድ ነበር፤ በቦርጩ፣ በራሰ በራነቱ፣ በአጭርነቱ። ግን ፊት ለፊት ነው። የተሰደበው ሰው «ተቀበል!» ብሎ በግጥም መልሱን ይሰጣል፤ ራሱ አዝማሪው የሚሰድበውን ስድብ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ግን «ተቀበል» የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ ዚፑ ግማሽ ላይ ቆሞ፣ ጀርባዋ ተገልጦ፣ ሦስት ሰው እያያት ምን ትመልሳለች?

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብረውት ከተበተኑት መካከል በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ ልብስ ሰፊዎችም ነበሩ። የሚያጠብቡ፣ የሚያሰፉ፣ ከእህት ወደ እህት የወረደውን የሚያስተካክሉ። ሙያቸው በአጭሩ ያንቺን ልብስ ላንቺ ማድረግ ነበር። ቀስ በቀስ ቦታቸውን የሚይዘው ባለመስታወቱ ቡቲክ ነው። እዚያ የምትለካው አንቺ ነሽ እንጂ ልብሱ አይደለም። መስታወቱ ጀርባ የቆመችው አሻንጉሊት እንኳ ቀሚሱ ልኳ አይደለም፤ ዞር ብላችሁ ከኋላዋ እዩ፣ በስፒል ተጠቅጥቆ ነው የተያዘው። ከፕላስቲክ ለተሠራች ልጅ የተደረገው ማስተካከያ ለሥጋ ለባሽ ለምን ይከለከላል?

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ ልምጣ። ሁልጊዜ የምሰማቸው አራት ናቸው።

የመጀመሪያው «በጀት የለም» ነው። እኔ የምሠራው ሥራ ስለሆነ ልንገራችሁ። በቀጭኗና በወፍራሟ ንግሥት ቀሚስ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ጨርቅ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ጥለቱ፣ ጥልፉና የእጅ ሥራው ነው። እሱ ደግሞ ለሁለቱም ያው ነው። የተዘጋጀውን ልብስ ለማዳን ብሎ የተሻለችውን ተዋናይ መጣል ቁጠባ አይባልም። ቲኬት የሚገዛው ሰው ቀሚስ ሊያይ አይመጣም።

ሁለተኛው «መድረክ የዓይን ነገር ነው፤ ተመልካች ማመን አለበት» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የራሱን ሙያ ታሪክ ረስቷል። የመጀመሪያው ተውኔታችን የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው! ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ የሴቶችን ሚና ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው። ተመልካቹም አምኗል፣ አልቅሷል። ሰውን አውሬ፣ ወንድን ሴት ያደረገ መድረክ ሙሉ ሰውነት ያላትን ሴት ንግሥት ማድረግ አቃተኝ ሲል ማን ያምነዋል? አልባሳት የተፈጠሩት ለዚህ አይደለም እንዴ?

ሦስተኛው «ለጤናዋ ብለን ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚለኝ አዘጋጅ የተዋናዮቹን የደም ግፊት ለክቶ አያውቅም። ልብሱ ስለጠበባት ከትርኢት በፊት ምሳዋን የምትተወው ልጅ ጤና አሳስቦትም አያውቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልብስ ግን የጤና ምርመራ መሣሪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅጥነት በትእዛዝ ሲሆንም እንደሚገድል የፋሽን ዓለም ራሱ ያውቃል። ብራዚላዊቷ ሞዴል አና ካሮሊና ሬስቶን በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቷ የሞተችው ምግብ ከመተው በመጣ ሕመም ነው። በዚያው ዓመት የማድሪድ ፋሽን ሳምንት እጅግ የከሱ ሞዴሎችን ከመድረኩ አገደ፤ ፈረንሳይም በ2017 ሞዴሎች የሐኪም ማረጋገጫ እንዲያቀርቡ በሕግ አዘዘች። እነሱ ከሕመሙ ለመውጣት ሲታገሉ እኛ ወደ ሕመሙ እየገባን ነው።

አራተኛው «ሕዝቡ አይፈልግም» የሚለው ነው። ሕዝቡን ጠይቃችሁታል? ሠርግ ላይ ክቡን የምታስለቅቀው ማናት? ሙሉ ሰውነት ያላት አክስታችን ናት። ትከሻዋን ስትሰብቀው አዳራሹ በእልልታ ይናጋል፤ ሙሽሮቹ እንኳ ይረሳሉ። በነጻ ሲያይ የሚያደንቀውን ሰው በቲኬት ሲያይ ይጠላል ብሎ የወሰነለት ማነው?

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ ዲቦራ ቮይት የተባለችውን አሜሪካዊት ዘፋኝ ከአንድ የስትራውስ ኦፔራ መሪ ሚና አሰናበታት። ድምጿ በዓለም ካሉት ምርጦች አንዱ ነበር። ምክንያቱ ለሚናው የታሰበው ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ለእሷ ገላ አይሆንም ተባለ። ያን ዓመት ሴትዮዋ ሆዷን ለማሳነስ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ በ2008 ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ሚና ተመለሰች። ይህን ታሪክ በደስታ መጨረሻው የሚተርኩት አሉ። እኔ ግን እንደ ልብስ ሰፊ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፤ መቀስ ያስፈልግ ነበር፣ መቀሱም ተነሳ፤ ያረፈው ግን ጨርቁ ላይ ሳይሆን ሴትዮዋ ሆድ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ሰው ይመረጥ፣ ከዚያ ልብስ ይሰፋ። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለመድረክ የሚሰፋ ልብስ ሁሉ ጎንና ጎኑ ላይ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ውስጡ ይተው፤ ጀርባውም በዚፕ ብቻ ሳይሆን በማሰሪያ ይዘጋ። የመድረክ ልብስ አሥር ሰው የሚፈራረቅበት ነው፤ እንዲሰፋና እንዲጠብ ሆኖ ካልተሠራ መጀመሪያውኑ በደንብ አልተሠራም። ይህን የምለው ለሙያ ባልደረቦቼም ነው፤ ሁለት ሜትር ለመቆጠብ ትርፉን ቆርጠን የምንጥለው እኛ ነን። ሦስተኛ፣ የተዋናይና የተወዛዋዥ ማስታወቂያ ላይ «ቁመናዋ ያማረ» የሚለው ሐረግ ይውጣ። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «እስክስታ የምትችል» ይባል፤ እስክስታ በትከሻ ነው። አራተኛ፣ የሀበሻ ቀሚስ ነጋዴዎች፣ ሽሮ ሜዳም ሆናችሁ ኡራኤል፣ ለተጨማሪ ክንድ ተጨማሪ ዋጋ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ግን ዋጋውን ስትነግሯት ገላዋን ከላይ እስከ ታች አትዩባት፤ ጨርቅ ነው የምትሸጡት።

አምስተኛው ነጻ ነው። «ወፈርሽ» የምትለዋን ትተን «ጠበበሽ?» ወደምትለዋ እንመለስ። ቃሉ አለን፤ አያቶቻችን ትተውልናል።

«መስፋት» የምንለው ግስ ሁለት ነገር ይላል፤ ጨርቅን በመርፌና ክር መስፋት፣ ደግሞም ጠባብ የነበረው መስፋት። ስልጠና ላይ ያሉ ልጆች ሁለቱ ግሶች የሚገናኙት በአጋጣሚ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ የቋንቋ ሰው አይደለሁም እላቸዋለሁ። በሥራ ግን አንድ ናቸው። ጠባቡን የማያሰፋ ሰው ገና ሰፊ አልሆነም።

ስለዚህ ለአዘጋጆች፣ ለቡቲክ ባለቤቶች፣ ለእኔ ቢጤዎችም፦ በሚቀጥለው ጊዜ ዚፑ ግማሽ ላይ ሲቆም ልጅቷን አትዩዋት። ልብሱን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ትርፍ ካለ ይፈታ። ከሌለ ጨርቅ ይጨመር። እሷ ትተንፍስ፤ ልብሱ ይስፋ።